ሦስተኛው ጥያቄ

ይህን ያወጉኝን ሽማግሌ "አገሩ የት ነው?" ብዬ ብጠይቃቸው ጺማቸውን አሻሽተው፣ "ሩቅ ነው፤ የሚጀምረው ግን ከደጃፍህ ነው" አሉኝ። ሁለተኛ አልጠየቅኳቸውም። እንዳወጉኝ አድርጌ አወጋለሁ።

ያን አገር ገማሽ የሚባል ወንዝ ለሁለት ይከፍለዋል። ከወንዙ በዚህ በኩል ያለው ሕዝብ ራሱን ወዲህ፣ ማዶ ያለውን ወዲያ ይለዋል። ማዶ ያለውም በበኩሉ ራሱን ወዲህ፣ ይኸኛውን ወዲያ ይለው ነበር። ማን ወዲህ ማን ወዲያ እንደሆነ ሰባት ዓመት ሙሉ ክርክር ሆነ። በመጨረሻ ቤተ መንግሥቱ ያለበት ዳር ወዲህ ነው፣ የሌለበት ወዲያ ነው ተብሎ በነጋሪት ታወጀ። ክርክሩ ቀረ፤ ተከራካሪዎቹም አብረው ቀሩ።

የሁለቱ ዳሮች ፊደል አንድ ነው፤ ቋንቋቸው ግን ለየቅል ነው። እዚያ አገር ቋንቋን አፍ ይሉታል፤ አዋጁም "አንድ ሰው፣ አንድ አፍ" ይላል። ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላው ምላስ መዝጋቢው ፊት ይቆማል። መዝጋቢው ምላሱ ላይ ጨው ነስንሶ "ምን ቀመስክ?" ይለዋል። ልጁ በመለሰበት አፍ ይመዘገባል፤ ለወዲህ ቀይ፣ ለወዲያ ጥቁር የሸክላ ማህተም አንገቱ ላይ ይንጠለጠልለታል። ከዳሩ ውጪ ሲኖር የተገኘ ሰው ወደ ዳሩ ይሸኛል። ድልድዩን አንዴ የተሻገረ አይመለስም፤ ዘወር ብሎ ማየት እንኳ ክልክል ነው።

ነገር ግን ጋብቻ አዋጅን ቀድሞት ነበር። አዋጁ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ከዚያ በፊት ወንዙ የሚለየው ከብት ከከብት ብቻ ነበር ይባላል። አዋጁ ሲወጣ ከወዲያ ተድረው ወዲህ የቀሩ፣ ባልና ጎጆ የያዙ ብዙ ሰዎች ነበሩ። ቀይ ሸክላ እንደምንም ፈልገው አንገታቸው ላይ አሰሩ፤ አፋቸውን ዋጡ። ታዲያ ሰው ሁሉን ቢደብቅ ሕፃን ሲያባብል የእናቱ አፍ ያመልጠዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ብዙ ልጅ ሁለት አፍ ይዞ አደገ፤ አንዱን ለውጪ፣ አንዱን በር ሲዘጋ።

ከድልድዩ አጠገብ ትልቁ ትምህርት ቤት አለ። እዚያ ሒሳብ የምታስተምር አትጠገብ የምትባል መምህርት ነበረች። አርባ ዓመት አልፏታል፤ አላገባችም፤ ቁጣዋ ከጠመኔዋ ይቀድማል። የወዲህ ሰው ናት፤ ከወዲያ አፍ አንድ ቃል አታውቅም። ጠረጴዛዋ ላይ ጠጠር የሞላ ሳህን ይቀመጣል፤ በየክፍሉም እንዲሁ። የወዲያ ቃል ያመለጠው ተማሪ ከሳህኑ አንድ ጠጠር አንስቶ ምላሱ ሥር ያደርግና እስከ መውጫ ደወል ይዞት ይውላል። አትጠገብ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠጠር አድላለች፤ አንድም ቀን እጇ አልከበዳትም።

አንድ ቀን ስመኝ የምትባል ልጅ ሰሌዳ ላይ ከባድ ሒሳብ ስትሠራ በወዲያ አፍ መቁጠር አመለጣት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በሒሳብ የሚያህላት የለም። አትጠገብ ሳህኑን ገፋ አደረገችላት። ልጅቷ ጠጠሩን አፏ ውስጥ ከታ ተመለሰችና ሒሳቡን ቀጠለች። እንባዋ ጠመኔው ላይ እየወረደ፣ ያለ አንድ ስህተት ጨረሰችው። ከዚያ ቀን በኋላ አትጠገብ ሳህኑን ባየች ቁጥር የራሷ አፍ ጠጠር ጠጠር ይላት ጀመር።

ይህ ነው ማመልከቻ ያስጻፋት። "ከተማሪዎቻችን መካከል ሁለቱንም አፍ የሚያውቁ አሉ። አንዱን ያወቀ ሲመሰገን ሁለቱን ያወቀ ስለምን ጠጠር ይጎርሳል? በዓመት አንድ ቀን ይከበሩ፤ ቀይና ጥቁር ክር ያለው የአንገት ልብስ ይሸለሙ" ብላ ጻፈች። ርእሰ መምህሩ አቶ ተገኘ ማመልከቻውን ሁለቴ አንብበው፣ "አትጠገብ፣ አንቺ ልጅ፣ ምን ጎደለሽ?" አሏት። ፈርመው ግን ላኩት። ለምን እንደፈረሙ እሳቸውም አያውቁትም።

አጋጣሚ ሆኖ በዚያ ወር ባለ ፈቃዱ አስተርጓሚ ሞቶ ነበር። በአገሩ ሁለት አፍ የተፈቀደለት እሱ ብቻ ነው። ከሞተ ወዲህ ከማዶ ንጉሥ የመጡ አሥራ አንድ ደብዳቤዎች ቤተ መንግሥት ተቀምጠዋል፤ ጦርነት ይሁን የሠርግ ጥሪ የሚያውቅ የለም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ነውና፣ ማመልከቻው በዘጠነኛው ቀን ጸድቆ ተመለሰ። እዚያ አገር የአጥር ፈቃድ እንኳ ሁለት ዓመት ይፈጃል። አትጠገብ ከደስታዋ ብዛት ይህን ልብ አላለችውም።

ምዝገባ ሲከፈት አምስት ወይም ስድስት ልጆች ይመጣሉ ብላ ነበር። የመጡት ሠላሳ አንድ ናቸው። አንዳንዶቹ አጠገብ ላጠገብ ሦስት ዓመት ተቀምጠው አንዱ የሌላውን አያውቅም። ስመኝ የመጀመሪያዋ ነበረች፤ እናቷ ወይዘሮ ይመናሹ ክር እየነከረች የምታድር ሴት ስለሆነች፣ ለሽልማቱ የሚሆነውን ቀይና ጥቁር ክር የነከረችው እሷ ናት። አትጠገብ የጠጠሩን ሳህን አንስታ ከመስኮቱ ሥር ደፋችው።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ሥር ሹሙ መጡ። ሥር ሹም ማለት የሰውን ትውልድ እየቆፈረ የሚያጣራ ባለሥልጣን ነው፤ ስማቸው ቢያድግልኝ ይባላል። ለስላሳ፣ ትሑት፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰው ናቸው። በአቶ ተገኘ ቢሮ ቁጭ ብለው ለአትጠገብ አንድ ቅጽ ዘረጉላት። ሦስት ጥያቄ አለበት። አንደኛ፣ ስምህ ማን ነው? ሁለተኛ፣ በወዲያ አፍ ተናገር። ሦስተኛ፣ ከማን ተማርክ?

አትጠገብ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ጣቷን አሳረፈችበት።

"ይኼኛው ምን ያደርጋል?" አለች።

"ለመዝገብ ነው" አሉ ሥር ሹሙ።

"ልጆቹ ምን ይሆናሉ?"

"ምን ይሆናሉ? ይሸለማሉ እንጂ! ልጅ የሚሰማውን አይመርጥ፤ አይጠየቅበትም።"

"ያስተማሯቸውስ?"

"እነሱማ ወደ ዳራቸው ይሸኛሉ። በክብር ነው ታዲያ፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዘንቢል ተፈቅዷል።"

አትጠገብ አቶ ተገኘን አየቻቸው። እሳቸው መስኮቱን ያያሉ።

"ፍሬውን ሸልሞ ዛፉን መንቀል አይሆንም ወይ ጌታዬ?"

ሥር ሹሙ ፈገግ አሉ። "ፍሬው ተለቅሞ የለ? ዛፉ ምን ያደርግልናል?"

ልጆቹን እሰርዛለሁ ብትል የተመዘገበ ልጅ ቢቀር ቤቱ ይፈተሻል አሏት። በዓሉ ይቅር ብትል የንጉሥ ማህተም አርፎበታል አሏት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው፤ ማንም ሳይጠይቃት፣ በገዛ ብዕሯ፣ ሠላሳ አንድ ቤት በር ከፍታ ለሥር ሹም ሰጠች። ሃያ ዓመት ያልተገኙ ሰዎች በሷ ደግነት ሊገኙ ነው። ሒሳብ አስተማሪ አይደለች? ማሰብ ያዘች።

"ጌታዬ፣ ሁሉም ከአንድ ሰው ተምረው ቢሆንስ?" አለች።

"እንግዲያው አንድ ሰው ይሸኛላ። አንድ ዘንቢልም ይበቃል።"

"ያ ሰው የወዲህ ተወላጅ ቢሆንስ?"

ሥር ሹሙ ከጉያቸው የሕጉን መጽሐፍ አውጥተው ገለጡ። "አፍ ያስተማረ የአፉ ዳር ሰው ነው" ብለው አነበቡ። ቀና ብለው ትክ አድርገው አዩዋት። "ነገር ግን ያ ሰው በጆሮ ፊት ቆሞ መናገር አለበት።"

ጆሮ የሚሉት በድልድዩ ኬላ የሚኖሩትን ሽማግሌ ነው። ከወዲያ የተላኩ ናቸው፤ ሰው የተናገረው በእርግጥ የወዲያ አፍ መሆኑን ይመሰክራሉ። ከወዲህ አፍ "ልክ ነው" እና "ልክ አይደለም" ከሚሉት በቀር እንዳይናገሩ ተምለዋል። የሰሙትን ቢያስረዱ አስተርጓሚ ሆኑ፣ አስተርጓሚ ደግሞ ሁለት አፍ ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤዎቹ አሥራ አንድ ሆነው ሲከመሩ እንኳ እሳቸውን የጠየቀ አልነበረም።

በማግስቱ ከሰዓት አትጠገብ ልጆቹን ሰብስባ በሩን ዘጋች። ነገሩን ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው። "ከማን ተማርክ ስትባሉ የኔን ስም ጥሩ" አለቻቸው። አንዱ ማልቀስ ጀመረ። አንዱ "አያቴ መንገድ አይችሉም፤ ዓይናቸውም አያይ" አለ፤ ለራሱ ነው የሚያወራው። ከስመኝ በቀር ሁሉም እሺ አሉ። ሌሎቹ ሲወጡ እሷ ቀረች።

"ያስተማረችኝ እናቴ ናት" አለች።

"አውቃለሁ ልጄ።"

"አታውቂም። አንቺ ያስተማርሽኝ ዝም ማለት ነው። እናቴ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ፊት ሳትዘፍን ኖረች። ሽልማቱ የሷ ነው። በዚያ ቀን፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት፣ የሷን ስም ክጄ የጠጠር አዳይዋን ስም ልጥራ?"

ልጅቷ ያለችው ሁሉ እውነት ነው፤ እውነቱ ግን እናቷን በአንድ ዘንቢል የሚያስነዳ እውነት ነው። "እሺ በይኝ ስመኝ" አለቻት ለምና። ስመኝ ደብተሯን አንስታ ወጣች። እሺም እምቢም አላለች።

ጸሐይ ሳትጠልቅ አትጠገብ ወይዘሮ ይመናሹ ቤት ሄደች። ግቢው ውስጥ ቀይና ጥቁር ክር ገመድ ላይ ተሰጥቶ ይንጠባጠባል። ሴትዮዋ እጇ እስከ ክርኗ በቀለም ተነክሯል። አትጠገብ ነገሩን ተርካ ስትጨርስ ይመናሹ እጇን በጨርቅ ደጋግማ ጠራረገች፤ ቀለሙ አይለቅም።

"እትዬ አትጠገብ፣ ወዲያ ሰው አለዎት?"

"ማንም የለኝ።"

"አፉንስ?"

"አንድ ቃል አላውቅም። ለዚሁ ነው የመጣሁ። ጆሮ ፊት የምለውን ያስጠኑኝ።"

ይመናሹ በሩን ዘጋች። አጥር ላይ ማንም እንደሌለ አየች። ከዚያ ጠጋ ብላ በወዲያ አፍ አንድ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች፤ አትጠገብ ደገመችው፤ ተሳሳተች። እንደገና አስባለቻት። ስህተት ሲሆን ይመናሹ ጭኗን መታ ታደርጋለች፤ ልክ ሲሆን ዓይኗን ትጨፍናለች። ጸሐይ ስትገባ አትጠገብ በቃሏ ያዘችው።

"ምን ማለት ነው?" አለች።

"እሱን አልነግርዎትም።"

"ኧረ ለምን?"

"ካወቁት ፊትዎ ያሳብቃል። የእርስዎ ፊት ነገር አይችልም፤ ከሰሌዳ ይነበባል።"

አትጠገብ ልትወጣ ስትል "ስመኝስ?" አለች።

ይመናሹ ወደ ክሩ ዞረች። "ወለድኳት እንጂ አፏን አልያዝኩት" አለች። "ብትጠራኝም እኔ ልጄን አልቀየማት። እስከ ነገ ወዲያ እግዜር ያውቃል።"

በዓሉ ደረሰ። የትምህርት ቤቱ ሜዳ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ወላጆች መጥተዋል፣ ቀይ ሸክላቸውን ከልብሳቸው ላይ አውጥተው አንጠልጥለዋል፤ ቀይ ሸክላ እንደዚያ ቀን በዝቶ አያውቅም። ነጋሪት ተመታ። የጨው ሳህን ለንጉሡ ክብር ዞረ። ሥር ሹሙ ከጸሐፊያቸው ጋር ተቀመጡ። ጆሮ ከጎን በርጩማ ላይ ናቸው፤ ነጭ ጢም ያላቸው፣ ዓይናቸውን ከመሬት የማያነሱ ሽማግሌ።

የመጀመሪያው ልጅ ቀረበ። ስሙን ተናገረ። በወዲያ አፍ ጥቂት ቃል አለ። "ልክ ነው" አሉ ጆሮ። "ከማን ተማርክ?" አሉ ሥር ሹሙ።

"ከመምህርት አትጠገብ።"

ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውም። ያ አያቱ መንገድ የማይችሉት ልጅ ስሟን ሁለቴ ጠራ፤ አንድ ጊዜ እንዳይበቃ ፈርቶ ነው። አሥረኛው ላይ ጸሐፊው ብዕሩን አቁሞ ሥር ሹሙን አየ። ሥር ሹሙም አትጠገብን አዩ። "ይጻፍ" አሉ። ጸሐፊው ጻፈ፤ ሃያኛው ላይ እጁ ደክሞት ስሟን ትቶ ጭረት ብቻ ያደርግ ጀመር። የተሸለሙት ልጆች የአንገት ልብሳቸውን አድርገው ተሰለፉ። ከወላጆች አንድም ያጨበጨበ የለም። ሁሉም ትንፋሹን ውጦ ይቆጥራል፤ አትጠገብም ትቆጥራለች። ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳ።

የመጨረሻዋ ስመኝ ነበረች። ስሟን ተናገረች። በወዲያ አፍ ስትናገር ጆሮ ሳያስቡት ቀና አሉ፤ አነጋገሯ ያማረ ነበር መሰለኝ። "ልክ ነው።"

"ከማን ተማርሽ?" አሉ ሥር ሹሙ።

ስመኝ ወደ ሕዝቡ ዞረች። ዓይኗ ሕዝቡ ውስጥ ይፈልጋል። ይመናሹ ከኋላ ቆማለች፤ በቀለም የተነከረ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃለች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንድ ስም ብቻ በቂ ነው፤ ያ አንድ ስም ሠላሳውንም ውሸት ያደርገዋል።

"ልጄ፣ ከማን ነው የተማርሽው?" አሉ ሥር ሹሙ ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አድርገው። "እውነቱን ተናገሪ፤ ማንም አይቆጣሽ።"

"ከመምህርት አትጠገብ" አለች ስመኝ። ድምፅዋ ተሰበረ። "ጠጠር አፌ ውስጥ አድርጋ ነው ያስተማረችኝ።"

ያኔ ከሕዝቡ ኋላ አንዲት ሴት ብቻዋን እልል አለች። ይመናሹ ናት። ልጇ በአደባባይ ስትክዳት እልል አለች። ሌሎቹም ተከተሏት፤ ሜዳው በእልልታ ተናወጠ፤ ስመኝ ፊቷን በአንገት ልብሱ ሸፍና ቆመች።

ሥር ሹሙ እጃቸውን አንስተው ጸጥ አሰኙ። "መምህርት አትጠገብ ይቅረቡ።"

ቀረበች። ጆሮ ፊት ቆመችና ያንን ያጠናችውን ተናገረች። መሀል ላይ አንድ ቃል ሊጠፋት ሲል በይመናሹ ጭን መታ መታ አስታወሰችው። ጨረሰች።

ጆሮ ወደ እሷ ዘንበል አሉ። እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው እንድትደግም በምልክት ነገሯት። ደገመች። ሽማግሌው አገጫቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከሥር ሹሙ ወደ ልጆቹ፣ ከልጆቹ ወደ እሷ አዩ። ሥር ሹሙ ወንበራቸው ላይ ወደፊት ሰገግ አሉ። "እህ? ልክ ነው ወይስ ልክ አይደለም?"

"ልክ ነው" አሉ ጆሮ። በሕጉ አንድ ጊዜ ይበቃል፤ እሳቸው ግን በርጩማቸውን ትተው ቆሙና "ልክ ነው፤ ልክ ነው" አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ሥር ሹሙ እስከ ድልድዩ ሸኟት። ዘንቢሉን ራሳቸው ሰጧት። ፊታቸው ጠቁሯል። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስመኝ በዚያው ማለዳ አንብባላቸው ነበር። "ምን ይላል?" አለች አትጠገብ። ሥር ሹሙ ግራ ቀኝ አይተው፣ "'አስተርጓሚያችን ሞቶብናል፤ ደብዳቤያችሁን የሚያነብልን አጥተናል' ይላል" አሏት። በኋላ ሲነበቡ ሌሎቹ አሥሩም ይህንኑ የሚሉ ሆነው ተገኙ። አትጠገብ ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች፤ ከሳቋ ጋር እንባዋም መጣ። ቀይ ሸክላዋን ፈትተው ወሰዱባት። ድልድዩን ስትሻገር ከኋላዋ የልጆች ድምፅ ስሟን ሲጠራ ሰማች፤ ዘወር ማለት ክልክል ነውና አንገቷን አደንድና ሄደች።

ማዶ፣ ከድልድዩ አፍ ላይ፣ ጥቁር ሸክላ በቅርጫት የያዘች አንዲት ባልቴት ተቀምጣለች። የሚመጡትን የምትቀበል እሷ ናት። በወዲያ አፍ አንድ ነገር ጠየቀቻት። አትጠገብ አልገባትም። ባልቴቲቱ ደግማ ጠየቀች። አትጠገብ የምታውቀው ያንኑ ብቻ ነውና ያንኑ አለች።

ባልቴቲቱ ክው ብላ ቀረች። ኬላውን ዞር ብላ አየች፤ ዘብ ራቅ ብሎ ቆሟል። አትጠገብን በክንዷ ስባ አስጎነበሰቻትና ዝገት በያዘው የወዲህ አፍ፣ በሹክሹክታ፣ "ያልሽው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አለቻት።

"አላውቅም እማማ።"

"'እኔ ይህን አፍ አላውቅም። የምዋሸው የልጆች እናቶች እንዳይነዱ ነው። የምትሰማኝ አንተ የእናት ልጅ ከሆንክ፣ ሸፍነኝ' ነው ያልሽው።"

አትጠገብ በዚያ ሁሉ ሹም ፊት፣ ሁለት ጊዜ፣ ጮክ ብላ የተናገረችው ይህን ነበር። የሽማግሌው አገጭ ትዝ አላት፤ "ልክ ነው፤ ልክ ነው" ያሉት ትዝ አላት። መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ባልቴቲቱ ከቅርጫቷ አንድ ጥቁር ሸክላ መርጣ አንገቷ ላይ አሰረችላት። እያሰረች በጆሮዋ፣ "ማን አስተማረሽ?" አለቻት።

አትጠገብ በቀለም የተነከረ እጅ ታያት።

"ማንም።"

"ጎሽ" አለች ባልቴቲቱ፣ ቋጠሮውን ጠበቅ እያደረገች። "እንዲሁ በይ። እዚህም ሦስተኛ ጥያቄ አለ።"